ወደ ግራ የሚሄደው ተጫዋች

የታናሽ ወንድሜን ጆይስቲክ የገደለው አባታችን ነው። ሊጠግነው ብሎ ነው የገደለው። ስናደድ ለሰው ሁሉ የማወራው እንዲህ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ከመጀመሪያው ብናገረው ይሻላል።

ወንድሜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ጉም ያፈነው ጠዋት ሰው አድርሶ ሲመለስ ከአንኮበር በሚመጣው መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨና በዚያው ቀረ። ስለ አሟሟቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ አንድ በአንድ ሲተርከው ጆሮዬ ሰልችቶታል። ባጃጁ የሰው ስለነበር የተረፈው ብረት ለባለቤቱ ተመለሰ። አርባው እንደወጣ የእናቴ ዘመዶች እንደ ልማዱ ልብሱን ሰብስበው ለቤተ ክርስቲያን ነዳያን አከፋፈሉት። ጃኬቱ፣ ጫማው፣ የሚለብሰው ብርድ ልብስ ሳይቀር ሄደ። የቀረው የጌም ማጫወቻውና ጆይስቲኩ ብቻ ነው። እነዚህም የቀሩት ማንም ሳስቶላቸው አይደለም። አክስቴ ጆይስቲኩን አንስታ አገላብጣ አየችው፣ ይሄ ደግሞ ለየትኛው ነዳይ ይሆናል አለችና መልሳ አስቀመጠችው።

ለማያውቀው ሰው፣ ጆይስቲክ በሁለት እጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ነው። በግራ አውራ ጣት የምትገፋ እንጉዳይ የምትመስል ነገር አለችው፤ እኛ ቤትም ስሟ እንጉዳይ ነበር። እሷን ወደገፏት አቅጣጫ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ተጫዋች ይሄዳል። ወንድሜ የሚጫወተው ኳስ ብቻ ነበር፤ ኳሱንም በግራ መስመር ብቻ። የትኛውንም ቡድን ይያዝ፣ ኳሷን ወደ ግራ ያወጣታል፣ መስመሩን ይዞ እስከ ማዕዘኑ ባንዲራ ድረስ ይነጉዳል፣ ከዚያ ያሻማል። በግራ እንደሚመጣ እያወቅሁ አንድ ቀን እንኳ አስቁሜው አላውቅም። እየሳቀ ነበር የሚያሸንፈኝ፤ እኔ እህቱ ደግሞ ስሸነፍ የምታመም ሰው ነኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ወደ አንድ አቅጣጫ ስትገፋ የኖረች እንጉዳይ በመጨረሻ ተበላች። ማንም ሳይነካት ራሷን ወደ ግራ ታዘነብል ጀመር። ወንድሜ አሠራታለሁ፣ አሠራታለሁ እያለ ሳያሠራት ሄደ።

ከአርባው በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ማጫወቻው ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ከፈትኩት። ጌሙ ሲከፈት፣ ውድድር ሳይጀመር በፊት፣ አንድ ተጫዋች ብቻውን ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ስልክ ላነሳ ወጣሁ። ስመለስ እናቴ የሳሎኑ በር ላይ ቆማለች። ከቀብሩ ወዲህ ሳሎን ገብታ አታውቅም ነበር። ጓዳ ውስጥ ጋቢዋን ተከናንባ ግድግዳ ስታይ ነው የምትውለው፤ እህል የምትቀምሰው ለምነናት፣ ተቆጥተናት፣ አንዳንዴም አልቅሰንባት ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ተጫዋቹ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሄዳል።

«ማነው የሚያስኬደው?» አለችኝ።

ማንም እንዳልሆነ ነገርኳት። ጣቱ ሁልጊዜ ወደዚያ ይገፋት ስለነበር ውስጧ እንደተበላ፣ የተበላው ብናኝም እዚያው እንደተጠራቀመ፣ አሁን እሱ ባይኖርም በዚያው እንደቀረች አስረዳኋት። ነገሩን ሌላ ነገር እንዳታደርገው ፈርቼ ብዙ አብራራሁ። በከንቱ ነው የደከምኩት። እናቴ የካህን ልጅ ናት። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ተደግፈውት ሲያስቀድሱና ሲያስቀኙ የኖሩት መቋሚያ እስከ ዛሬ አንኮበር አክስቴ ቤት አለ፤ እጃቸው ይይዘው የነበረው ቦታ ጎድጉዶ ቀርቷል። እንጨት በእጅ እንደሚበላ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

«እንደ አባዬ መቋሚያ» አለች። ከዚያ ገብታ ተቀመጠች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ እከፍትላት ነበር። ተጫዋቹ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ባንዲራው ጋ ይደርሳል፣ መውጫ ሲያጣ እዚያው እግሩን እያነሳ እየጣለ ይቆያል። እኔ ወደ መሀል እመልሰዋለሁ፤ እሱ እንደገና ይጀምራል። እናቴ ታየዋለች። አንዳንዴ እንባዋ ይወርዳል፣ ብዙውን ጊዜ ግን እያየች ትበላለች። ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ መጉረሷን ሳታውቀው ትጨርሰዋለች። ባዶውን ሳህን ይዤ ጓዳ እገባና ብቻዬን እስቃለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይባባል። እናቴን ያቆየልን ያ የተበላ ዕቃ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አባቴ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን መካኒክ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ልጁ ከሞተ በኋላ ቤቱ አላስቀምጠው አለ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ከዚያ ከጡረተኛ ጓደኞቹ ጋር ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል፣ የሚመለሰው ሲመሻሽ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ነው። ጌሙን ዱሮም አይወደውም። ጎልማሳ ሰው ቁጭ ብሎ ጣቱን ያወዛውዛል እያለ ወንድሜን ያልተቆጣበት ቀን አልነበረም። ስለዚህ እኔም አልነገርኩት፣ እናቴም አልነገረችው። ሁለቱ በሐዘናቸው ተለያይተው፣ አንዱ ደጅ አንዱ ጓዳ፣ በሰላምታ ብቻ ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ አባሮት ቀደም ብሎ ገባ። እናቴን ቴሌቪዥኑ ፊት አገኛት፤ ተጫዋቹ ብቻውን ወደ ማዕዘን ይነጉዳል። አባቴ የረጠበ ኮቱን አወለቀ፣ ትንሽ ቆሞ አየና ወደ ውስጥ አለፈ። ምን እንዳሰበ የነገረኝ በኋላ ነው። ሚስቱ የልጇን ጨዋታ ማየት አምሯት፣ ማሽኑ ግን ታሞ ወደ አንድ ወገን እየሸሸ አላሳያት ብሎ ነው የመሰለው። አንጀቱን በላችው። የሚያውቀው መጽናኛ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የተበላሸውን መጠገን።

በዚያው ሰሞን የካህኑ አያቴ ዝክር ደረሰና እናቴን እየጎተትኩ በሚኒባስ ወደ አንኮበር ወሰድኳት። አልሄድም ብላ ነበር፤ ሰው ታያለሽ፣ አየር ትቀይሪያለሽ ብዬ ጨቀጨቅኳት። አክስቴ ሰው ሲበተን መቋሚያውን አውጥታ ሰጠቻት። እናቴ ጣቶቿን የጎደጎደው ቦታ ላይ አሳርፋ ቆየች፣ የሳቸው እጅ ከኔ ይሰፋል አለች፤ ለዘመዶቿም ስለ ጆይስቲኩ ራሷ አወራችላቸው። ልጄ ወደ ግራ ይሄዳል አለቻቸው። ግማሾቹ ሳይገባቸው አሜን አሉ። በማግስቱ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ስታወራ መጣች።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። ጆይስቲኩ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት ተቀምጧል። አብረቅርቋል፤ በየስንጥቁ የነበረው ዕድፍ እንኳ ወጥቷል።

«ጠግኜልሻለሁ» አላት እናቴን። «ከእንግዲህ እንደ ልብሽ ታይዋለሽ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ማጫወቻውን ከፈትኩና የጆይስቲኩን ቁልፍ ተጫንኩ። አልበራም። ደግሜ ተጫንኩ፣ ይዤ ቆየሁ፣ ምንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ደሜ ፈላና ጮህኩበት፤ ማን ንካ አለህ፣ አንተ ፋብሪካ አይደለህም፣ ቤትህ ነው ያለኸው፣ ሁሉ ነገር ማሽን ይመስልሃል አልኩት። አባቴ ጆይስቲኩን ከእጄ ወስዶ አገላብጦ አየውና ያመመውን እንጂ ጤነኛውን አልነካሁም አለ። እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጨለማውን ቴሌቪዥን ታያለች።

መሳደቡ ሲያልፍልኝ ነገሩን በሥርዓት ያዝኩት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ገመዱን ነው፤ በዚያው ገመድ ስልኬን ሰክቼ ስሞክረው ስልኬ ቻርጅ አደረገ። ሶኬቱን ቀየርኩ፣ አሁንም ምንም። ጆይስቲኩ ከኋላው እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች ጉድጓድ አለችው፤ በመርፌ ተጭነው ከያዟት እንደ አዲስ የምታስነሳ ናት። እሷም አልሠራችም። እያንዳንዱን ነገር በሞከርኩ ቁጥር እናቴ እጄን ታያለች፣ ሳይሆን ሲቀር ዓይኗን ትመልሳለች። እጄን ባላየችብኝ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ አባቴን አስቀመጥኩትና ምን እንዳደረገ ከመጀመሪያው ጠየቅኩት። ለሽፍት አለቃው እንደሚያስረክብ ሰው ቁጭ ብሎ ነገረኝ። በትንሿ ካቻቢቴ ከፈተው፣ አቧራውን በአፉ እፍ አለ፣ የእንጉዳይዋን ውስጥ በአልኮል በነከረ ጥጥ ጠረገ፣ አደረቀ፣ ዘይት ሰጠው፣ ገጠመው።

ዘይት አልኩ።

ዘይት ነዋ አለኝ፤ ዘይት ሳይቀምስ ከእጁ የወጣ ማሽን የለም። እውነቱን ነው። ፋብሪካው ውስጥ የተጠገነ የሽመና ማሽን ለሠራተኛው ከመመለሱ በፊት የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጠብታ ዘይት ያገኛል፤ ይህን የዘለለ መካኒክ እንደ መካኒክ አይቆጠርም ነበር። አባቴ የቤታችንን በር ማጠፊያ፣ የእናቴን መቀስ፣ የወንድሜን የልጅነት ብስክሌት ሁሉ እንደዚያው ነው ያኖራቸው። መብራት የሚሄድበትና ብረት የሚሄድበት ዕቃ ይለያያል ብሎ ያስተማረው ሰው የለም።

መስኮቱ ጋ ቁጭ ብለን አብረን ከፈትነው። እኔ ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይፈታል። እኔ እቸኩላለሁ፣ እሱ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያለ ብሎኑን አንድ በአንድ ክዳን ላይ ይደረድራል። የድሮ ቴስተሩን አምጥቶ ባትሪውን ለካው፤ ባትሪው ባዶ ነው። ይሄ አልሞተም፣ ተርቦ ነው አለ። ጆይስቲኩ ቻርጅ እያገኘ እንዳልሆነ የገባን ያኔ ነው። የቻርጀሩ መሰኪያ ካለበት ተነስተን መብራቱ የሚሄድበትን መንገድ ተከተልን። እንደ ሜትር ለጥ ያለች ስስ ሪቫን አለች፤ ከመሰኪያው መብራቱን ወደ ዋናው ቦርድ የምታደርስ እሷ ናት። ሳብ አድርጌ ሳወጣት ጫፏ ያብረቀርቃል። ዘይት ነው።

ይቺንም ቀባኻት ወይ አልኩት። ጠብቃ አልገባ ብላው እንደነበር፣ ጠብታ ሲሰጣት ሸርተት ብላ እንደገባች ነገረኝ። የጠበቀን ነገር ዘይት ሰጥቶ ማስገባት ለእሱ እንደ መተንፈስ ነው። ያቺ ጠብታ ግን መብራቱን ከለከለችው። ልቆጣ ብዬ ሳቄ መጣ፤ እሱም አብሮኝ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። አባቴ የነበረውን አልኮል ጨርሶት ስለነበር ሮጬ ከመድኃኒት ቤት የቁስል አልኮል ገዛሁ፣ ጫፏን ጠረግናት፣ አደረቅናት፣ እስከ መጨረሻው አስገባናት። ገመዱን ስንሰካው ጆይስቲኩ ላይ ቢጫ መብራት መጣ።

«እማዬ፣ ተነሳ» ብዬ ተጣራሁ። ከገባችበት ጓዳ ወጥታ መብራቱን አየችና እግዚአብሔር ይስጣችሁ አለችን።

በማግስቱ ባትሪው ሞልቶ ሦስታችንም ሳሎን ተቀመጥን። አባቴ ደጅ አልወጣም፤ የሥራውን ውጤት ሊያይ ነው የቀረው። ከፈትኩት። ተጫዋቹ ባዶው ሜዳ መሀል መጣ። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ተጫዋቹ አልሄደም። ይተነፍሳል፣ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ያዘዋውራል፣ ካልሲውን ሳብ ያደርጋል፤ ግን ቆሟል። ጆይስቲኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ቆሟል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ስለ ዘይቱ ስንጨነቅ ስለ እንጉዳይዋ ያሰበ አልነበረም። አባቴ እሷን በደንብ አድርጎ ጠግኗታል። እጁ ድሮም እንከን የለበትም።

«ቆመ» አለች እናቴ።

አባቴ በኩራት አዎ አላት፤ አሁን ካልነዱት ንቅንቅ አይልም። እናቴ ትንሽ አየችው። «እጅህ ይባረክ» አለችውና ጋቢዋን ሰብስባ ጓዳ ገባች። ብትጮህበት ይሻለኝ ነበር። ምርቃቷ ነው የገደለኝ።

ከዚያ ወዲያ እንደ በፊቱ ሆነች፤ ከድጡ ወደ ማጡ። ሳህኑ እንደሄደ ይመለሳል። ሳሎን ነይ ስላት ምን አለና ትለኛለች። አባቴ ጥገናው ተሳክቶ ሳለ ለምን እንደተመለሰች ግራ ገባው። በመጨረሻ ደጅ የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጠየቀኝና ነገርኩት። በቁጣ ነው የነገርኩት፤ የጣቱን ነገር፣ የመቋሚያውን ነገር፣ እያየች ትበላ እንደነበር፣ አንኮበር ለዘመዶቿ ምን እንዳለቻቸው ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አባቴ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ቆየ።

«የልጄን ጣት ነው አጥቤ ያወጣሁት» አለ።

ቁጣዬ እዚያው ሞተ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አባቴ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚናገረው። ሲረጋጋ ተመልሶ ሊታመም አይችልም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ውስጡን በምላጭ ብንፍቀው ምናልባት እንደገና ያዘነብል ይሆናል አልኩት። እንደ መካኒክ አሰበበት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱ የኔ ቧጨራ ነው እንጂ የልጄ አይሆንም አለ።

ከዚያን ቀን በኋላ ፀሐይ ሊሞቅ መሄዱን ተወ። ከሥራ ስመለስ ሳሎን ጆይስቲኩን ይዞ አገኘዋለሁ። አያያዙን አሳዪኝ፣ የትኛዋ ናት፣ ምን ያህል ነው የምትገፋው ይለኛል። ያ ጌም ሲያይ የሚሳደብ ሰው! አውራ ጣቱ ወፍራም ነው፤ የግራው ጥፍር ዱሮ ማሽን በልቶበት ጠማማ ሆኖ የበቀለ ነው። ሲገፋት ተጫዋቹ ያበደ ይመስል ይሮጣል፣ ሲለቃት ድንግጥ ብሎ ይቆማል። እየነዳኸው አይደለም፣ እያባረርከው ነው እለዋለሁ። ወደ መሀል ይመልሰዋል፣ ደግሞ ይጀምራል። ለምን እንደሚለማመድ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

አንድ ከሰዓት ስገባ ከቴሌቪዥኑ የሜዳው ጫጫታ ይሰማል። አባቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ወደፊት ጎንበስ ብሎ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ እንጉዳይዋን ወደ ግራ ይገፋል። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ መጀመሪያ ቀን ቆማ የነበረችበት ቦታ ላይ። ጣቱን እያየች ነው። እሱም መምጣቷን አውቋል፣ ግን አልደበቀም። ተጫዋቹ መስመሩን ይዞ ሽምጥ ይጋልባል።

«ቀስ በል» አለችው። «ልጄ እንዲህ አይቸኩልም ነበር።»

አባቴ ጣቱን አላላ። ተጫዋቹ ሩጫውን ተወና መራመድ ጀመረ።

እንዲህ ወይ አላት። ትንሽ ደግሞ ቀስ በል አለችው፣ ገብታም አጠገቡ ተቀመጠች። ተጫዋቹ ቀስ ብሎ፣ ያለ ኳስ፣ ወደ ባንዲራው ሄደ፤ ደረሰ፤ እዚያው እግሩን እያነሳ እየጣለ ቆየ። አባቴ እንጉዳይዋን አልለቀቃትም።

እኔ ጓዳ ገብቼ ምግብ አቀረብኩ። ለሁለቱ በአንድ ሳህን አድርጌ መሀላቸው አስቀመጥኩት። የአባቴ ሁለት እጅ ተይዟል፣ ቢያነሳው ተጫዋቹ ሊቆም ነው። እናቴ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ጠቅልላ አጎረሰችው፤ ቀጥላ ራሷ ጎረሰች።